ላፕቶፑ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ምስል አያሳይም

ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግ በበዛ ሰሞን ጎረቤቶቼ ደጋግመው ይጠሩኛል። «ልጄ፣ ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ግን እንቢ አለ» ይሉኛል። ብዙዎቹ እኔ ስደርስ አዲስ ገመድ ሊገዙ ወስነዋል። እባካችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

«ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። የዲሹ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ተሰክቷል (ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው)፤ ላፕቶፑ 2 ላይ ገብቷል፤ ቲቪው ግን አሁንም 1ን እየጠበቀ ነው። በሪሞቱ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭናችሁ ገመዱ የገባበትን ቁጥር ምረጡ። ቁጥሩ ቲቪው ጀርባ፣ ቀዳዳው አጠገብ ተጽፏል። አሁንም ካልመጣ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ የ«P» ፊደልን ተጫኑና «ዱፕሊኬት»ን (ያው ምስል በሁለቱም) ምረጡ። «ኤክስቴንድ» ላይ ከሆነ ቲቪው ባዶ ዴስክቶፕ ብቻ ያሳያል፤ ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል።

ገመዱን ስትሰኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ግን ቁሙ። ይህን ችላ የሚል ሰው በጣም ያሳስበኛል። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) የለውም። ቻርጀሩና ቲቪው ወደ ብረታቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ኧርዝ ካለ መሬት ይገባል፣ ከሌለ ብረቱ ላይ ይቆያል። የዲሹ ኬብል ደግሞ ጣሪያ ላይ ባለው ብረት በኩል ከመሬት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ኤችዲኤምአይ በተሰካበት ቅጽበት ያ ኤሌክትሪክ በቀጫጭኖቹ እግሮች በኩል ካለፈ የላፕቶፑ ወይም የቲቪው ፖርት ይቃጠላል። ስለዚህ ላፕቶፑንም ቲቪውንም ሪሲቨሩንም ከሶኬት ንቀሉ፤ የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ፍቱ፤ መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩን ሰኩ፤ ከዚያ ሌላውን መልሱ። ዘላቂው መፍትሄ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስገባት ነው። ክረምት ላይ በጣርማበር በኩል ሰማዩ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊትም የዲሹን ኬብል ንቀሉት።

ቪጂኤ (የድሮው የምስል ቀዳዳ) ብቻ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ገመድ አይሠራም። በ1987 የወጣው ቪጂኤ አናሎግ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። መሃል ላይ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ መምህር የተገላቢጦሹን፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠውን ገዝቶ እንደገና ደብረ ብርሃን ድረስ ተመላልሷል። ስትገዙ አቅጣጫውን አንብቡ። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ የድምፅ ገመድ ያለውን ምረጡ።

ምስል መጥቶ ድምፅ ከቀረ ላፕቶፑ ላይ ከታች በቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ ቲቪውን ምረጡ። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ የቲቪውን «ፒክቸር ሳይዝ» ወደ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ለውጡ። «ሞድ ኖት ሰፖርትድ» ካለ ላፕቶፑ ቲቪው ከሚችለው በላይ እየላከ ነው፤ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ወደ 1280 በ720፣ 60 ኸርዝ አውርዱት።

ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ያኔ ገመዱን መጠርጠር ይቻላል። የሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ ገመድ ነቅላችሁ ላፕቶፑ ላይ ሞክሩት። በእሱ ከሠራ፣ አሁን ገመድ ግዙ።