ሞርፊንን በጥንቃቄ ማዘዝ እንዴት ይሰለጥናል? ከማዘዣ ወረቀቱ ጀምሩ

ለመጀመሪያው ስልጠናዬ ብዙ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ሱስ፣ ስለ ትንፋሽ መዳከም፣ ከመጠን በላይ ወስደው ስለሞቱ ሰዎች። ሰልጣኞቹ በጥሞና አዳመጡ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፉ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሳይ የሞርፊን ማዘዣ በጣም ቀንሷል። ደስ አለኝ። ከዚያ ዋርድ ገባሁ። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ የገባ አንዲት ሴት አንሶላውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ተኝታለች። የታዘዘላት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ነርሷን ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «አደገኛ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ።

ያንን ቀን አልረሳውም። «በጥንቃቄ እዘዙ» ስንል ሰው «አትዘዙ» ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ስልጠናው ሁለት ነገር አብሮ ማስያዝ አለበት፤ ለሚያስፈልገው ሰው መስጠትን፣ ሲሰጡም አለመጉዳትን። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት የተጻፈው ቁጥጥር ለማጥበቅ ነው። እሱ እንኳ መግቢያው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምንና ስቃይን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል። አሁን ስልጠና የምከፍተው ይህን አረፍተ ነገር በማንበብ ነው።

ስላይድ ከመሥራታችሁ በፊት

ከተቋሙ የቅርብ ጊዜ 30 ማዘዣዎች ጠይቁ፣ የታካሚው ስም ተሸፍኖ። መጠኑ በሚሊግራም ተጽፏል ወይስ በሚሊሊትር ብቻ? «ሲያምዎት ይውሰዱ» የሚል ካለ በቀን ከስንት እንዳይበልጥ ተነግሯል? ለስንት ቀን ነው? የሆድ ማለስለሻ አብሮ ታዟል? ዳያዜፓም ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒትስ አለ? የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፒዮይድንና (ሞርፊንና መሰሎቹን) ቤንዞዲያዜፒንን (ዳያዜፓምና መሰሎቹን) አብሮ ስለመስጠት ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው ሁለቱ ተደጋግፈው ትንፋሽ ስለሚያዳክሙ ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሐኪሙን፣ ነርሷንና ፋርማሲስቱን አንድ ክፍል ውስጥ አሰልጥኑ። ለየብቻ ማሰልጠን ጊዜ ማባከን ነው።

የስልጠናውን ወጪ መድኃኒቱን የሚሸጥ ኩባንያ አይክፈል። በዚህ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት አረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ታተመች። ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ከወሰዱ 11,882 ታካሚዎች መካከል ሱስ የተመዘገበባቸው አራት ናቸው ትላለች። ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚጠቀም ሰው ምንም አትልም። ግን ለዓመታት «ሱስ የሚይዘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም» ለሚለው ትምህርት ማስረጃ ሆና ቀረች። ኦክሲኮንቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ሲገባ ሻጮቹ ለሐኪሞች ይነግሩ የነበረው ይህንኑ ነው። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ያመኑት የተነገራቸውን ነው።

ሒሳቡ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ብዙ ስልጠና የሚወድቀው እዚህ ነው። አሰልጣኙ የመጠን መቀየሪያ ሰንጠረዥ ያሳያል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደ ሌላ ርዕስ ይታለፋል። እኔ የቀኑን ግማሽ ለዚህ እሰጣለሁ። ስልክ ላይ ያለ ማስሊያ መተግበሪያም መጀመሪያ አልፈቅድም። መተግበሪያው ጥሩ ነው፣ ግን የገባለት ቁጥር ስህተት ከሆነ አይነግራችሁም። አንድ ጊዜ በእጁ ያሰላ ሰው ግን መልሱ ሲበዛበት ይደነግጣል። የምፈልገው ያንን ድንጋጤ ነው።

የምሰጠው ጥያቄ ይህ ነው። ታካሚው ቀስ ብሎ የሚለቅ ሞርፊን 30 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ ሕመሙ ሲነሳበት ፈጣኑን 10 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ ይጨምራል። ወደ ሌላ ኦፒዮይድ፣ ወደ ኦክሲኮዶን፣ ቀይሩለት።

ግማሹ ሰው 60 ብሎ ይጀምራል። በመሃል የሚወሰደውን ይረሳዋል። ትክክለኛው ድምር 100 ነው። የሚዋጥ ኦክሲኮዶን ከሚዋጥ ሞርፊን አንድ ተኩል እጥፍ ይበረታል፣ ስለዚህ 100 ለ1.5 ይካፈላል፣ 67 አካባቢ ይመጣል። ሁሌ አንድ ሁለት ሰው ያባዛና 150 ይላል። ያኔ አልቆጣም፤ ወደ ሞርፊን መልሰው እንዲያሰሉት እጠይቃለሁ። 225 ይሆናል። ታካሚው ከለመደው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

67 ግን የመጨረሻው መልስ አይደለም። ሰውነቱ ሞርፊንን ቢለምድም አዲሱን በዚያው ልክ አልለመደውም። ስለዚህ ከ25 እስከ 50 በመቶ ይቀነሳል። 20 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ጥሩ መነሻ ነው። በመሃል ለሚነሳው ሕመም የቀኑ መጠን ከመቶ 10 እስከ 15 ይታዘዛል፣ 5 ሚሊግራም ገደማ። ከዚያ በማግስቱ ታካሚውን ማየት ነው፤ ሰንጠረዡ መነሻ ይሰጣል እንጂ ታካሚውን አያውቀውም። ሜታዶን የተባለውን ኦፒዮይድ ግን በዚህ ዓይነት ሒሳብ እንዳይቀይሩ አስጠንቅቁ። ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ይጠራቀማልም፤ ልምድ ያለው ሰው ይያዘው።

ቀጥሎ ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ውስጣቸው ያለው ቀለም የገባበት ውሃ ነው። አንደኛው ላይ «10 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ይላል፣ ሁለተኛው ላይ «20 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር»። ሁለቱም የሚጠጣ ሞርፊን የሚመጣባቸው መጠኖች ናቸው። «5 ሚሊግራም ቅዱልኝ» እላለሁ። ከመጀመሪያው 2.5 ሚሊሊትር ነው። ከሁለተኛው ሩብ ሚሊሊትር ብቻ፣ ስሪንጁ ጫፍ ላይ ለዓይን እንኳ የማይሞላ። ልማድ አሸንፎት ከሁለተኛው 5 ሚሊሊትር የሚቀዳ ሰው አይጠፋም። እሱ 100 ሚሊግራም ነው፣ ሃያ እጥፍ። ይህን በእጁ የቀዳ ሰው ከዚያ በኋላ ሚሊግራሙንም ሚሊሊትሩንም ሳይጽፍ አያዝም።

ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የፌንታኒል (ሌላ ኦፒዮይድ) ፕላስተር እዚሁ ንኩት። ትንሹ ነገር ስለሚመስል ያሳስታል። በሰዓት 25 ማይክሮግራም የሚለቀው ፕላስተር በቀን 60 ሚሊግራም የሚዋጥ ሞርፊን ያህላል። ኦፒዮይድ ላልለመደ ሰው አይለጠፍም። ሙቀት ሲነካው ደግሞ ከመጠን በላይ ይለቃል።

ትንፋሽ መቁጠር

ሰልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሰዓት እጅ እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አደገኛ ነው። በ15 ሰከንድ ሁለት ከቆጠራችሁ 8፣ ሦስት ከቆጠራችሁ 12 ይሆናል። በስምንትና በአሥራ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ናሎክሶንን፣ የኦፒዮይድን ውጤት የሚቀለብሰውን መድኃኒት፣ በማንሳትና ባለማንሳት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ በፊት የሚመጣውንም አሳዩ፤ እያወራ እንቅልፍ የሚጥለው ታካሚ ትንፋሹ ገና ሳይቀንስ ምልክት እየሰጠ ነው።

ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚለቅ ሞርፊን ከዚያ በላይ ይቆያል። ነቃ ብሎ ወደ ቤት መስደድ የለም።

ንግግሩ

አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ሐኪም ሆኖ ይጫወት። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ከቀኑ በፊት አለቀብኝ።» ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ «ሱስ ይዞዎታል ማለት ነው» ይሆናል። አስቁሙና ድጋሚ አስጀምሩ። «ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው የባሰው? በቀን ስንት ይወስዳሉ? መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የት ነው የሚያስቀምጡት?» ሕመሙ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እየወሰደው ሊሆን ይችላል። ሱስም ሊሆን ይችላል፣ ያኔም ሕክምና አለው።

መላመድና ሱስ አንድ እንዳልሆኑ ደግማችሁ ተናገሩ። ኦፒዮይድ ለሳምንታት የወሰደ ማንም ሰው በድንገት ቢቆምበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይረበሻል። ይህ የሰውነት መላመድ ነው። ሱስ ግን መቆጣጠር ማጣት ነው፣ እየጎዳውም መተው አለመቻል። ለዚህም ነው ማቆም ቀስ በቀስ የሚሆነው። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በዝግታ መቀነስ ይበጃል። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2019 በድንገት ማቋረጥ ራስን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ጉዳት እንዳስከተለ አስጠንቅቋል።

ተመልሶ ማየት

ከሦስት ወር በኋላ ሌላ 30 ማዘዣ ጠይቁና ያስቀመጣችሁት ቁጥር አጠገብ አድርጉት። እኔ ያኔ የተሳሳትኩት የማዘዣውን ብዛት ብቻ ስለቆጠርኩ ነው። አሁን ዋርድ ገብቼ ከፍተኛ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች ምን እንደታዘዘላቸው በካርዳቸው ላይ አያለሁ፣ ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነም ራሳቸውን እጠይቃለሁ። ማዘዣው ካልተሻሻለ ሐኪም ጋር ሌላ ስልጠና አልይዝም። የሚቀጥለውን ማዘዣ ሲጽፍ አጠገቡ እቀመጣለሁ።