ቫልሃይም ላይ ቤታችሁ በጭስ ሲታፈን፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ቫልሃይም የሚባለውን፣ ቤት እየሠሩ ጭራቅ የሚዋጉበትን የኮምፒውተር ጌም የምንጫወት ልጆች አንድ ሰርቨር ላይ ነን። መብራት ካለ ማታ ማታ እንገባለን። ቤት የሠራ ሁሉ ሳይውል ሳያድር "ና እስቲ ጭሱን እይልኝ" ይለኛል። ሁሌ የምለውን እዚህ አስቀምጫለሁ። ከዛሬ በኋላ የሚደውልልኝ መጀመሪያ ይህን አንብቦ ይደውል።

እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር እንዳለባችሁ፣ ትንሹ እሳት፣ ካምፕፋየሩ፣ እንጨት ወለል ላይ አልቀመጥም እንደሚል ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። መሬቱን ክፍት ተዉለት፣ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዝ። በዚህ ጌም ውስጥ ጭስ ለማሳመሪያ የገባ ነገር አይደለም። ከእሳቱ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ጣሪያ ሲገጥመው ወደ ጎን ይሰፋል። ጣሪያው ያዘነበለ ከሆነ ዝንባሌውን ይዞ ወደ ከፍተኛው ቦታ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል፤ ግን እሳቱ ሌላ ይለቅበታል። መውጫ ካጣ እየተከማቸ ወደ ታች ይመጣል፣ እናንተ ጋ።

ቤት ቁጭ ብዬ ሄልዜ (የሕይወት መጠኔ) ይቀንሳል

ጭሱ ነው። ሌላ አትፈልጉ። ጭስ ውስጥ የቆመ ሰው ቀስ በቀስ ይጎዳል። ሄልዙ ድሮም ያለቀ ከሆነ ሊሞትም ይችላል። አንዱ ልጅ ከትሮል (ከግዙፉ ጭራቅ) አምልጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ እሳት ዳር አረፍ ብሎ ሞቷል። ከዚያ "ሰርቨሩ ላግ አለው (ይንቀራፈፋል)" አለን።

ለጊዜው በሩን ክፈቱና ውጡ። ዘላቂው መፍትሄ ከታች አለ።

እንጨት እያለው እሳቱ ይጠፋል

ቀና በሉና እዩ። ክፍሉ ግራጫ ከሆነ ጭሱ ተመልሶ እሳቱን አፍኖታል። ክፍሉ ጥርት ያለ ሆኖ ውጭ ዝናብ ካለ ደግሞ ከእሳቱ በላይ ክዳን የለም ማለት ነው። ዝናብም ጭስም ሳይኖር ከጠፋ ነፋስ ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ዙሪያው ያልተሸፈነ እሳት ያጠፋል። ሁለት ግድግዳ ጨምሩ።

ጣሪያው ድፍን ነው

ከምጠራባቸው ቤቶች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለት ዓይነት ሰው አለ።

የመጀመሪያው የሳር ክዳን የሚያምን ነው። ይሄ የኛ አገር በሽታ ይመስለኛል። ገጠር አያቱ ጎጆ ያደገ ልጅ፣ ጭስ በሳሩ መሀል ተንኖ እንደሚወጣ በዓይኑ አይቷል። ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆ ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ኖሯል። ጌሙ ውስጥ የሳር ጣሪያ ሲያገኝ ያው ነው ብሎ ይደመድማል። አይደለም። የቫልሃይም ሳር እንደ ቆርቆሮ ድፍን ነው። ጭስ አያሳልፍም፣ ዝናብም አያሳልፍም። የማራኪ ሰፈሩን ልጅ ይህን ነግሬው "ሳሩ ገና አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲያረጅ ይሳሳል" ብሎኛል። ሲያረጅ አይሳሳም። ዕድሜ በዚህ ጌም ሳር አያሳሳም።

ሁለተኛው ፋሲል ግንብን የሚሠራ ነው። ጎንደሬ ስቶንከተር (በድንጋይ ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ) እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ነው፤ አልፈርድበትም። ስቶንከተር 10 እንጨት፣ 4 ድንጋይና 2 ብረት ይፈልጋል። ብረቱ የሚገኘው ረግረጉ ውስጥ ነው። ያን ያህል ለፍቶ የመጣ ሰው ጎጆ ሊሠራ አይፈልግም። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት አራት ማዕዘኑ ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት። ልጆቹ ክቡን በካሬ ያስመስሉና ማማውን ሦስት ፎቅ ያደርሱታል። ምድር ቤት ላይ ትልቁን ምድጃ፣ ሃርዙን፣ 15 ድንጋይ ከፍለው ያስቀምጣሉ። አልጋው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ለእይታ። ከዚያ አናቱን በጉልላት ድፍን አድርገው ይዘጉታል።

ጭሱ የት ይሂድ? ደረጃውን ተከትሎ ይወጣል። ጉልላቱ ሥር ይከማቻል። ከጉልላቱ ሥር ያለው አልጋው ነው። ምድር ቤት የተቀመጠ እንግዳ ምንም አያየውም፤ ባለቤቱ ፎቅ ላይ ታፍኖ ያድራል። "ታች እኮ ጭስ የለም" ይሉኛል። አዎ፣ ላይ ስለሆነ ነው!

አዳራሻችሁ በጣም ሰፊና ከፍ ያለ ከሆነ ጭሱ እናንተ ጋ ሳይደርስ ላይ ላዩን ሊጠፋ ይችላል። ጠባብ ማማ ግን አዳራሽ አይደለም።

ለተራ ቤት የሚሠራ መፍትሄ

ከእሳቱ ትክክል በላይ ያለውን የጣሪያ ጫፍ ፈልጉ። ጫፉን፣ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ ክፍል አይደለም። እዚያ ያለውን ቁራጭ አንሱት። ቁራጭ ስታፈርሱ የከፈላችሁት ማቴሪያል ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ "ያወጣሁት እንጨት" እያላችሁ አታልቅሱብኝ። ክፍተቱ ከ1 ሜትር አይነስ። በስንጥቅ ጭስ አይወጣም። ሁለት ጣሪያ ሳይገጥሙ ቀርተው ብርሃን የምታሳይ ቀጭን መስመር ስላለች "ቀዳዳ አለው" የምትሉ፣ ተዉ።

አሁን ዝናቡ። ክፍተቱ እንዳለ ከቀረ ዝናብ ገብቶ እሳቱን ያጠፋዋል። በክፍተቱ አራት ማዕዘን ላይ አንድ አንድ ሜትር አጭር ምሰሶ አቁሙ። ምሰሶዎቹ ላይ ትንሽ ክዳን አልብሱ፣ ባለ 26 ዲግሪውን። ክዳኑ ከክፍተቱ በየጎኑ ወጣ ይበል። በምሰሶዎቹ መሀል ያለው ጎን ባዶ ይሁን። ባዶ! ግማሹ ሰው እዚህ ደርሶ "ለውበት" ብሎ ጎኑን በግድግዳ ይደፍነዋል። ሌላው ምሰሶውን ትቶ ክዳኑን ቀጥታ ክፍተቱ ላይ ይጭነዋል። ሁለቱም የሠሩት ያንኑ ድፍን ጣሪያ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ።

መፈተኛው ቀላል ነው። እሳቱ አጠገብ ቁሙ (ላዩ ላይ አትቁሙ፣ ያቃጥላል) እና ሽቅብ እዩ። ቀጥታ ሰማይ ከታያችሁ ዝናብ ይገባል። ብርሃን ጭራሽ ካልታያችሁ ጭስ አይወጣም። ከላይ ክዳን፣ ከጎንና ከጎን ብርሃን ከታያችሁ ጨርሳችኋል።

ለማማ ይህ ብቻውን አይበቃም። ከሃርዙ ጀምሮ ፎቆቹን ሁሉ የሚያልፍ ራሱን የቻለ የድንጋይ ጭስ መውጫ ሥሩ፣ ግድግዳ ጥግ ይዞ። ውስጡ 2 ሜትር ይሁን፤ አንድ ሜትር ይሠራል፣ ግን አንዲት ያልገጠመች ድንጋይ ትዘጋዋለች። ቀጥ ብሎ ይውጣ። ጠምዝዞ በጎን መስኮት ሊያስወጣው የሞከረ ልጅ ነበር፤ ጭሱ አግድሙ ላይ ተከማችቶ ወደ ምድጃው ተመለሰ። ጉልላቱን ማፍረስ ሆዳችሁን ከበላው፣ ከሥሩ ያለውን የመጨረሻ ረድፍ ድንጋይ በአራቱም ጎን አንድ አንድ አንሱለት። ከሩቅ መስኮት ነው የሚመስለው፣ እንዲያውም ያምራል።

ጭስ መውጫው ራሱ ይፈርሳል

ድጋፍ አጥሮት ነው። መዶሻውን ይዛችሁ ቁራጩን እዩት። ቀይ ከሆነ ከዚያ በላይ አትጨምሩ፣ ከሥር ምሰሶ አስገቡ።

ዎርክቤንቹ (የሥራ ጠረጴዛው) ጣሪያ የለኝም ይላል

ክፍተቱን ከፈታችሁና ክዳኑን ረሳችሁ፣ ወይም ቤንቹን ክፍተቱ ሥር አስቀመጣችሁት። አፍርሳችሁ ጥግ ላይ ሥሩት።

ኮምፈርት (የቤት ምቾት ነጥብ) እንዲጨምር እሳት አበዛሁ

ይሄኛው ያናድደኛል። የአዘዞው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ካምፕፋየርና አንድ ሃርዝ ደርድሮ አገኘሁት። ቤቱ ውስጥ የራሱ እጅ አይታየውም። "ኮምፈርቱ እንዲደመር ነው" አለኝ። አይደመርም። ካምፕፋየር 1 ይሰጣል፣ ሃርዝ 2 ይሰጣል፣ የሚቆጠረው ትልቁ ብቻ ነው። አንድ የኮምፈርት ነጥብ ካረፋችሁ በኋላ የምታገኙትን ብርታት በ1 ደቂቃ ያስረዝማል። ልጁ በሦስቱ ካምፕፋየሮች ያተረፈው ጭስ ብቻ ነው። ሃርዙን ተዉት፣ ሌላውን አንሱ። ኮምፈርት ከፈለጋችሁ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ምንጣፍ አስገቡ። ለብርሃን ደግሞ ችቦ በቂ ነው፤ ችቦ በጭስ አያፍናችሁም።

እሳቱ ቤቴን ያቃጥለዋል?

በተለመደው ሴቲንግ እሳት ቤት ለቤት የሚዛመተው አሽላንድስ ውስጥ ነው፤ በ2024 ወደ ጌሙ የተጨመረው አካባቢ። ሌላ ቦታ ላይ ሆናችሁ ስለዚህ አትጨነቁ። ዓለሙን ስትከፍቱ የእሳት አደጋውን በፈቃዳችሁ ካበራችሁት ግን እኔን አትጥሩኝ።

ስሜልተሩ (ማዕድን ማቅለጫው) ቆመ

ስሜልተርና የከሰል ማክሰያውም ጭስ አላቸው። ጭሳቸው ሲታፈን ሥራ ያቆማሉ። ቤት ውስጥ ያስገባችሁ አውጧቸው። ዝናብ ምንም አያደርጋቸውም፣ ጣሪያ አይፈልጉም።