ከ12ኛ ክፍል በኋላ እምነቱ ጥያቄ የሆነበት ወጣት ምን ማድረግ ይችላል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካለቀ በኋላ የሚመጡት ወራት ለብዙ ወጣት ከትምህርት ቤቱ ደወል፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መርሐ ግብርና ከወላጅ ዓይን በአንድ ጊዜ የሚላቀቅባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። እስከዚያ ድረስ ጾሙንም ጸሎቱንም ቤቱ ይዞት ስለ ነበር «እኔ ራሴ ይህን አምናለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ይህ ጽሑፍ የትኛውን እምነት መያዝ እንደሚገባ አይወስንም፤ ጥያቄው በመጣ ጊዜ ሳይታፈንና ሳይቸኮል እንዴት እንደሚያዝ ብቻ ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ የተወሰዱ ቢሆኑም፣ ከሙስሊም ወይም ከፕሮቴስታንት ቤት ለወጡትም አብዛኛው ይሠራል።

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ማወቅ

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በደብተር ላይ መጻፍ ነው። «እምነቴ ጠፋብኝ» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ስሜት ነው፤ «የተሳልኩት ለምን አልሰመረም?»፣ «በባዮሎጂ የተማርኩት ዝግመተ ለውጥና የኦሪት ዘፍጥረት ትረካ እንዴት ይታረቃሉ?»፣ «ያደግሁበት ካህን በገንዘብ ሲጣላ አይቼ እንዴት ልመነው?» የሚሉት ግን ጥያቄዎች ናቸው፤ የየራሳቸው መልስ ሰጪም አላቸው። ሦስቱ ተጠቅልለው አንድ ላይ ሲቀመጡ ማንም አይፈታቸውም።

ከሁሉ በላይ ተደብቆ የሚመጣው የውጤት ቁስል ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህ ማለት በየዓመቱ ሱባኤ የገቡ፣ እናቶቻቸው ለቁልቢ ገብርኤል የተሳሉላቸው እጅግ ብዙ ወጣቶች ውጤቱን አይተው አንገታቸውን ደፍተዋል ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ «አምላክ አልሰማኝም» ቢል አይገርምም። ይህ ወጣት ራሱን «ማለፊያ ውጤት አምጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ እጠይቅ ነበር?» ብሎ ይመርምር። መልሱ «አልጠይቅም ነበር» ከሆነ፣ አሁን የሚያስፈልገው ክርክር አይደለም፤ የሪሚዲያል ዕድል እንዳለው፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ መግባት እንደሚችል አረጋግጦ፣ ኀዘኑም እስኪረግብ ጥቂት ወራት ታግሦ፣ ጥያቄው ያን ጊዜም ካለ መልሶ ማንሣት ነው። መልሱ «እጠይቅ ነበር» ከሆነ ግን ጥያቄው ከፈተናው በፊት የነበረ ነው፤ በክብር ሊያዝ ይገባዋል።

የማንነት ጉዳይም እንዲሁ ከእምነት ጋር ይቀላቀላል። ጥር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶሱ ዕውቅና ውጭ ጳጳሳት በተሾሙ ጊዜ በየቤቱ የተነሣው ክርክር ስለ ዶግማ ሳይሆን ስለ ቋንቋ፣ ስለ አስተዳደርና ስለ ብሔር ነበር፤ ሆኖም ብዙ ወጣት «አንዱን ምረጥ» እንደ ተባለ ሆኖ ተሰምቶታል። ስለ ወገን የሚነሣ ጥያቄ በጸሎት መጽሐፍ አይመለስም፤ ስለ ሥላሴ የሚነሣውም በፖለቲካ ውይይት አይመለስም። በወሎ በአንድ አያት ሥር ሙስሊምና ክርስቲያን የሆኑ የአጎት ልጆች መኖራቸው፣ ዘርና እምነት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ለሚጠራጠር ሰው በቂ ማስረጃ ነው።

ማንን መጠየቅ፣ እንዴትስ መጠየቅ

«ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ኃጢአት ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው የራሱን ትውፊት አላስተዋለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ «ካላየሁ አላምንም» ያለውን ቶማስን ታስባለች። የአንድምታ መምህራን አንድን ጥቅስ በአንድ መንገድ ተርጉመው አያበቁም፤ «አንድም» እያሉ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራሉ። በቁርኣንም ሁለተኛው ምዕራፍ ኢብራሂም ሙታን እንዴት እንደሚነሡ እንዲያሳየው አላህን ሲጠይቅ፣ ማመኑን ሳይክድ ልቡ እንዲረጋ ፈልጎ መሆኑን ይናገራል።

የመልስ ሰጪው ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የንስሐ አባት ሥራ በዋናነት ኃጢአት መስማት፣ ቀኖና መስጠትና ማጽናናት ነው፤ ሁሉም የንስሐ አባቶች መጻሕፍት ቤት ገብተው ትርጓሜ የተማሩ አይደሉም። ስለዚህ አንድ አባት «ዝም ብለህ ጸልይ» ቢሉ፣ ቤተ ክርስቲያን መልስ የላትም ብሎ መደምደም አይገባም፤ «አባቴ፣ ይህን የሚያስረዱኝ የመጻሕፍት መምህር ያመላክቱኝ» ማለት ይበቃል። አቀራረቡም ለውጥ ያመጣል፤ «ልከራከርዎ ሳይሆን ልረዳ ፈልጌ ነው» ብሎ የሚጀምር ልጅ ከአብዛኞቹ አባቶች ዘንድ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ጥያቄውን ጽፎ መሄድ፣ በአንድ ጉባኤ አንድ ጥያቄ ብቻ ማንሣትና የተሰጠውን መልስ መዝግቦ መመለስ ይጠቅማል። ከሸኽ፣ ከኡስታዝ ወይም ከፓስተር ዘንድ ለሚሄድም ይኸው ነው።

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ያለውን የሃይማኖት ክርክር በተመለከተ የእኔ ምክር ጠንከር ያለ ነው፤ በጥያቄ ላይ ያለ ሰው ለጊዜው ይራቀው። እዚያ ተከራካሪው የሚናገረው ለደጋፊዎቹ ነው፤ ስድቡም ከማስረጃው ይልቅ ተመልካች ያመጣል።

ግቢ የገቡ እንደሆነ

ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ ከቤት ርቆ የተመደበ አዲስ ተማሪ ሻንጣውን የሚሸከምለት፣ ካፌ የሚያሳየው፣ ማታ የሚጠይቀው ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ከሙስሊሙ ጀመዓ ወይም ከፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ ነው። ይህ ደግነት እውነተኛ ነው፤ አልጠራጠረውም። ነገር ግን በብቸኝነት ሳምንታት የተቀበሉትን ፍቅር እንደ ማስረጃ መቁጠር አያዋጣም። ስለዚህ እምነት መለወጥም ሆነ እምነት መተው ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልቅ ይቆይ። በዚያ መካከል አንድ ነገር ማየት ይቻላል፤ ያ ኅብረት ለቅቆት የሄደውን ተማሪ እንዴት ነው የሚጠራው? በሰላምታ የሚያልፉት ከሆነ መልካም ነው፤ በመኝታ ክፍል ስሙን የሚያጠፉት ከሆነ፣ ወይም «ለቤተሰብህ አትንገር» የሚሉ፣ ገንዘብ የሚጠይቁና ቶሎ እንዲወስን የሚያጣድፉት ከሆነ፣ ስብከታቸው ምንም ያህል ቢያምር መራቅ ይሻላል።

ቤት ውስጥ

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። ጥርጣሬውን በሁዳዴ መካከል በእናት ፊት ሥጋ በመብላት ወይም ማተብ በጥሶ በመጣል የሚያውጅ ወጣት፣ ከዚያ በኋላ የሚነጋገረው ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ ድፍረቱ ይሆናል። የቤቱን ጾም አክብሮ ከቤተሰብ ጋር መመገብ ግብዝነት አይደለም፤ ለቤቱ የሚሰጥ ክብር ነው። በአንጻሩ ያላመኑበትን ቁርባን ለሰው ዓይን ብሎ መቀበል ከቤተ ክርስቲያኒቱም፣ ከራስ ኅሊናም ጋር ያጣላል፤ «ገና አልተዘጋጀሁም» ማለት ውሸት ያልሆነ መልስ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከቁርባን የሚቀሩትም በየአጥቢያው ብዙ ናቸው።

ለወላጅ መንገር የሚያስፈልገው ውሳኔው ሲቃረብ እንጂ ጥያቄው ገና ሲጀምር አይደለም። ሲነገርም በስልክ ወይም በበዓል ማግሥት አይሁን። አስቀድሞ ለክርስትና አባት ወይም እናት፣ ለአክስት ወይም ለታላቅ እህት መናገር መንገድ ይጠርጋል። ወላጅ የሚፈራው ብዙ ጊዜ ሥነ መለኮቱን አይደለም፤ «ከማን ጋር ትጋቢያለሽ? ስትሞቺ የት ትቀበሪያለሽ? ማኅበርተኞቼ ምን ይላሉ?» የሚለው ነው። የቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ለምእመናኗ በመሆኑ ጥያቄው ባዶ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ «አልተውኳችሁም፤ የያዘኝን ነገር ነው የነገርኳችሁ» የሚለው ቃል ከአሥር የጥቅስ ክርክር ይልቅ ይሰማል። አባት ተቆጥተው ቢነሡ ተከትሎ መከራከር አይገባም፤ ውሎ አድሮ ሽማግሌ ይገባበታል።

በሕግ በኩል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እምነት የመያዝና የመቀበል ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት አላቸው፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው ግን ለራሱ የሚወስን ነው። ይህን ማወቅ መልካም ቢሆንም፣ ኪራይና ምግብ ከወላጅ የሚጠብቅ ወጣት አንቀጽ ጠቅሶ ከመከራከሩ በፊት የሚኖርበትን ቢያዘጋጅ ይበጀዋል።

አንድ ነገር ግን ሊዘገይ አይገባም። ጥርጣሬው እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ «ተረግሜአለሁ» የሚል ሐሳብ ቀንና ሌሊት ከተመላለሰ፣ ወይም መሞት ካማረ፣ ጉዳዩ የእምነት ብቻ አይደለም። ዕለቱን ለሚያምኑት ሰው ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ አዲስ አበባ ላለ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ቤተሰብ ጸበል ይሂድ ቢል ጸበሉና ሕክምናው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የታዘዘውን መድኃኒት አቋርጦ ጸበል መግባት ግን አደገኛ ነው፤ ይህንንም ሐኪሙ ራሱ ለወላጆች ቢያስረዳ ከልጁ ይልቅ ይሰሙታል።