የቆየ ሪህ የሚያረጋውን ክምችት እንዴት ማወቅና ማሟሟት ይቻላል

በብርድ ወራት ማሰሮ ውስጥ የረጋ ማር ያየ ሰው፣ ሪህ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ለመረዳት አይቸገርም። በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ፣ ማለትም ሰውነት በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ስለሚያቅተው፣ መርፌ በመሰሉ ደቃቅ ክሪስታሎች መልክ መርጋት ይጀምራል፤ በተለይም ቀዝቀዝ በሚሉ የሰውነት ክፍሎች፣ ማለትም በእግር አውራ ጣት፣ በጆሮ ጠርዝ፣ በክርን እና በተረከዝ ጅማት ላይ። ሕመሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ቢበርድም የረጋው ክሪስታል ግን እዚያው ይቀራል። ሳይታከም ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ያህል ሲቆይ ቶፈስ የሚባል እብጠት ይሆናል፤ አጥንትንም ይቦረቡራል።

ለማወቅ የጆሮን ጠርዝና ክርንን መዳሰስ ይበጃል። ቶፈስ ጠንካራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማያም፣ ከቆዳ ሥር ነጣ ብሎ የሚታይ ነው፤ ሲፈነዳም በውኃ የተለወሰ ኖራ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። በምላጭ መብጣትም ሆነ ዋግምት ማስደረግ ቁስሉን ያመረቅዛል እንጂ ክምችቱን አያጠፋም።

ዩሪክ አሲድን የሚለካው የደም ምርመራ ሕመሙ ከበረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል፤ በሕመሙ ሰዓት ልኬቱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላልና። ግቡ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች፣ ቶፈስ ላለበት ሰው ደግሞ ከ5 በታች ነው። ሐኪም ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት በቀን ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን አስጀምሮ፣ ደሙን እያየ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ክምችቱ መሟሟት ሲጀምር ሕመሙ ሊነሣ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ሕመሙን የሚከላከል ኮልቺሲን የተባለ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ብዙ ሰው አሎፑሪኖሉ ባሰብኝ ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፣ ያሳዝናል። ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው።

ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ አትብላ ማለት ይከብዳል፤ ቆሮሶውን በመጠኑ መብላት፣ ከዱለት፣ ከጉበት፣ ከጠላና ከቢራ መራቅ ይሻላል። ሽሮና ምስር በከንቱ ይወቀሳሉ። ምግብ ብቻውን ልኬቱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ፣ የረጋውን ለማሟሟት አይበቃም።

ትልልቁ ቶፈስ ለመጥፋት ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። በየ3 ወሩ ከአንድ ብር ሳንቲም ጎን አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ዓይን የማያስተውለውን መቀነስ ያሳያል።