ጎርፍ የሚተኛበትን ደለል መሬት በበጋ እንዴት እንለየዋለን? ከለየነውስ በኋላ?

ይሄን የምጽፈው በተለይ ጎንደር ከተማ ተቀምጣችሁ ደምቢያ ወይ ፎገራ ሜዳ ላይ መሬት በኮንትራት ለመያዝ ለምታስቡ ልጆች ነው። አብዛኞቻችን መሬት የምናየው ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ መንገዱ ደርቆ ባጃጁም ሞተሩም እስከ ማሳው ጫፍ በሚገባበት ሰዓት፣ ችግሩም እዛ ላይ ነው የሚጀምረው። እኔና አንድ ዘመዴ ከጥቂት አመት በፊት ከመገጭ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ግማሽ ሄክታር የምትሆን ቦታ እንደዛ አይተን ያዝን። ድንጋይ የላት፣ ዳገት የላት፣ አፈሩን ስትዘግኑት የጤፍ ዱቄት ነው የሚመስለው፣ በጣም ነበር ደስ ያለን። ሰኔ ላይ በርበሬ ተከልን፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ እኛ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብለን ዩሪያ ጨመርን፣ ነሐሴ ላይ ነቅለን ስናየው ስሩ ጠቁሮ ይሸታል። ብራችንም ድካማችንም እዛው ቀረ። ጎረቤት የሚያርሱ አንድ አዛውንት መጥተው ቆመው አዩና "ልጆቼ፣ መሬቱን ስታዩ ቆፍራችሁ አይታችኋል ወይስ ላዩን ብቻ ነው?" አሉን። አልቆፈርንም ነበር።

ከዛ ወዲህ የተማርኩት ነገር ይሄ ነው፣ የሜዳ ላይ ደለል በበጋ ላዩ ምንም አይነግራችሁም፣ የክረምቱን ውሃ የሚመዘግበው ከስር ያለው የአፈሩ ቀለም ነው። ማንበብ ደሞ ለማንም ይቻላል፣ ላብራቶሪ አይጠይቅም፣ አንድ አካፋና ግማሽ ቀን ይበቃል።

መጀመሪያ ነገርየው ምን እንደሆነ። ደለል የምንለው ከአሸዋ የደቀቀ ከሸክላ አፈር ደሞ የሚተልቅ ቅንጣት ነው፣ በልኬት ከ0.002 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው፣ አንድ ፍሬ ለብቻው በአይን አይለይም። መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ ሁሉም ከደጋው አፈር ጠርገው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል፣ ያኔ የያዙትን ይጥላሉ። ስለዚህ አፈሩ ድሃ አይደለም፣ እንደውም ለምነቱ ነው ሰውን የሚስበው፣ የሚጎድለው ማንጠፍጠፉ ነው። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፍባቸው፣ ጓሉ ደሞ እርስ በርሱ አጥብቆ ስለማይያያዝ ዝናብ ሲመታው ይፈርስና ላዩን እንደ ልስን ይደፍነዋል፣ ከስር በየአመቱ በአንድ ጥልቀት የሚሄደው ማረሻና እርጥብ መሬት ላይ የሚረግጠው ከብት ያጠነከረው ንጣፍ አለ፣ በዛ ላይ የጣና ውሃ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ክረምቱ ሲያልቅ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ስለሆነ ሀይቁ ዳር ያለው ሜዳ ውሃውን የሚለቅበት ቦታ ያጣል። ዝናቡ ቆሞም መሬቱ የሚጨቀየው ለዚህ ነው። በ1998 ክረምት ፎገራና ደምቢያ ላይ የደረሰውን ጎርፍ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ዙሩ። ብዙ ሰው ወንዝ ዳር ያለው ነው ውሃ የሚተኛበት ብሎ ያስባል፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ ብዙ ጊዜ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወንዝ ሞልቶ ከአፉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን አሸዋማውን ነው፣ ስለዚህ ልክ ዳሩ ላይ ያለው ከፍ ይልና ውሃ ቶሎ ይለቃል፣ ደቃቁ ደለልና ሸክላው ራቅ ብሎ ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ሄዶ ይተኛል። ከወንዙ ጥቂት መቶ ሜትር ርቄያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ድሮ ወንዙ ሄዶበት የተወው ጠመዝማዛ ጎድጓዳ መስመር ካለ ደሞ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው።

ሳሩን እዩ። በዳርቻው ላይ ቄጠማ፣ ፊላ፣ ደንገል ከታየ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ያ እሾሃሙ አመኬላ ሜዳውን ከሞላውም ውሃ የሚተኛበት ነው። አጥርና ቁጥቋጦ ላይ የተሰቀለ ገለባ፣ ዛፍ ግንድ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ካለ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ በሜትር መለካት ትችላላችሁ። ሰው ስትጠይቁ ደሞ አከራዩን "ውሃ ይተኛል ወይ" አትበሉት፣ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። ጎረቤቱን "ሐምሌ ላይ ወደ ገበያ በየት በኩል ነው የምትሄዱት? ከብቱስ የት ነው የሚውለው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መንገዱ ማሳውን ዞሮ የሚሄድ ከሆነ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ሶስት ቦታ ቆፍሩ፣ አንዱ ከሁሉም ዝቅ ያለው ላይ፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ ከፍ ያለው ላይ፣ እያንዳንዱ ወደ 80 ሳንቲም ይውረድ፣ አንዱን ግድግዳ ፀሀይ በሚመታው በኩል አቁሙትና በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ አካፋው የለሰነው እንዳያታልላችሁ። ደለል መሬት ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ድርብርብ ነው፣ እንደተነባበረ እንጀራ፣ አንዱ ንብር የአንድ ጎርፍ ነው፣ ቀጭን የአሸዋ መስመር መሀል ላይ ካለ ያ ሀይለኛ ሙላት የመጣ ጊዜ ነው።

ከዛ ቀለሙ። አፈር ውስጥ ያለው ብረት አየር ሲያገኝ ቡናማ ቀይ ይሆናል፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ሲያጣ ግን ይሟሟና ቀለሙ ይለቃል፣ የቀረው አፈር ዳለቻ ወይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚወስደው አመድማ ይሆናል። ውሃው ሲመጣ ሲሄድ ደሞ ሁለቱም ይቀላቀላል፣ ዳለቻ መደብ ላይ የዛገ ሚስማር የመሰለ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ በተለይ የድሮ ስር ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ምክንያቱም አየር የሚገባው በዛ በኩል ነው። ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎችም ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እነሱ ማንጋኒዝ ያለባቸው ናቸው፣ የሚነግሯችሁም ያንኑ ነው፣ ረጥቦ የሚደርቅ መሬት መሆኑን።

አነባበቡ እንዲህ ነው። እስከ 80 ሳንቲም ድረስ አንድ አይነት ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ዝገቱና ዳለቻው ከጉልበት በታች፣ ማለትም ከ50 ሳንቲም ወዲያ ከጀመረ ውሃው ከስር ይመጣል ግን ለብዙ ሰብል ይቻላል። 30 ሳንቲም ሳይደርስ ከጀመረ፣ ማለት ማረሻው የሚነካው አካባቢ ከሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስሩ ውሃ ውስጥ ነው የሚከርመው፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር አታስቡ። ነጠብጣብ እንኳን ሳይኖረው ከላይ ጀምሮ ዳለቻ ብቻ ከሆነና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ደሞ ያ ረግረግ ነው፣ ለሳር ተውት። ሰማያዊው አፈር አውጥታችሁ ፀሀይ ላይ ብታስቀምጡት እያያችሁት ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሌላ አፈር የተቀየረብኝ ነበር የመሰለኝ።

ሶስት ማሳሳቻ አለ እዚህ ላይ። ዋልካ፣ ማለት ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ከሆነ ጥቁረቱ ዳለቻውን ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ እሱ ላይ ቀለም ብቻ አትመኑ። ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት ገና የመጣ አዲስ ደለል ላዩ ላይ ካለ ቡናማ ነው የሚሆነው፣ ቀለሙ እስኪቀየር ጊዜ ስላላገኘ፣ እሱን አልፋችሁ ከስር ያለውን አንብቡ። ሶስተኛ ደሞ ድሮ ውሃ ይተኛበት የነበረና አሁን ቦይ የወጣለት መሬት የድሮውን ነጠብጣብ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ እዚህ ላይ የጎረቤት ወሬ ያስፈልጋል።

የእጅ ሙከራው ቀላል ነው። እፍኝ አፈር ውሃ ጠብ አድርጋችሁ እሹት። አሸዋ ይኮረኩራል፣ ሸክላ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ደለል እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሀል እየገፋችሁ እንደ ሪባን አውጡት፣ እየለሰለሰ 2.5 ሳንቲም ሳይሞላ የሚቆረጥ ከሆነ ደለሉ ያመዝናል፣ ከ5 ሳንቲም ካለፈ ሸክላው በዝቷል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር ሙሉና ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት፣ አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ስር ይቀመጣል፣ ደለሉ በሁለት ሰዓት፣ ከዛ በኋላም ውሃውን እያደፈረሰ የሚያድረው ሸክላ ነው። ሌላው የምወደው ሙከራ ደሞ ደረቅ ጓል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ሳትነኩት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክምር ብሎ ከፈረሰ ያ መሬት ዝናብ ሲመታው እንደሚለሰን እወቁ፣ ቡቃያውም ያንን ቅርፊት ሰብሮ መውጣት ይቸግረዋል።

ውሃ የሚሰርግበትን ፍጥነት ለመለካት 30 ሳንቲም ጥልቀት 30 ሳንቲም ስፋት ያለው ጉድጓድ በጀሪካን ውሃ ሙሉት፣ ይጥፋ፣ ድጋሚ ሙሉትና አሁን ሰዓት ያዙ። መጀመሪያው አይቆጠርም፣ ደረቅ አፈር ውሃ ይጠጣል፣ ልኩን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲም በታች ከወረደ መሬቱ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው።

እሺ፣ ውሃ የሚተኛበት ሆኖ ተገኘ እንበል። መተው ብቻ አይደለም መልሱ። ፈሰስ፣ ማለት ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቦይ፣ ማውጣት ከአባቶቻችን የመጣ ነው፣ ግን ደለል ላይ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ መጨረሻው፣ ውሃው የት ነው የሚወጣው? መውጫ የሌለው ፈሰስ ውሃውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ማዛወር ነው፣ የጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቃችሁት ደሞ ክረምቱን ሙሉ ጠብ ነው፣ ከሰኔ በፊት ተነጋገሩ፣ አብራችሁ አውጡት። ሁለተኛ ተዳፋትነቱ፣ ደለል በቀላሉ ስለሚታጠብ ቦዩን ቀጥ አድርጋችሁ ካወረዳችሁት በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል፣ በ100 ሜትር ከ20 እስከ 50 ሳንቲም ቢወርድ በቂ ነው፣ ልኩን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ቱቦ ማውጣት ይቻላል። ሹሩቤም፣ ማለት ከፍ ያለ መደብና ቦይ እያፈራረቁ ማውጣት፣ ይሰራል፣ መደቡ 80 ሳንቲም ቦዩ 40 ሳንቲም፣ ዋልካ ላይ በደንብ የተለመደ ነው፣ ደለል ላይ ግን መደቡ በዝናብ ይናዳል፣ ስለዚህ ኮምፖስትና ገለባ ካልገባበት አይቆምም፣ በየመሀሉም መጠገን አለበት።

እርሻው ላይ አትቸኩሉ። እርጥብ ደለል ማረስ መሬቱን መበደል ነው። ከማረሻው ጥልቀት አፈር ውሰዱና በመዳፋችሁ አድቦልቡሉት፣ እንደ ክር ከተጠቀለለ ገና ነው፣ ከተሰነጣጠቀና ከተፈረፈረ ግቡ። ይሄ ሁኔታ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ በሬ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ካለፈ ደሞ እንደ ድንጋይ ይደርቅባችኋል።

ሰብሉን ከውሃው ጋር ማስማማት ነው ዋናው። ፎገራ ሩዝ ውስጥ የገባው እኮ ለዚህ ነው፣ ሩዝ ከግንዱ እስከ ስሩ አየር የሚያወርድ ክፍት ህዋስ ስላለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይተነፍሳል፣ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም ወረታ ነው ያለው፣ ዘር ከመምረጣችሁ በፊት ጎራ በሉ። ጤፍም ከበቆሎና ከገብስ ይልቅ ውሃ ይችላል። ውሃው ከሄደ በኋላ ደሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ነው፣ ጓያም ይሆናል፣ ጓያን ግን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት እግር ያሽመደምዳል፣ ይሄን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ በርበሬ ባልነው ቦታ ላይ አሁን ሩዝ ነው የሚዘራው፣ ቀጥሎ ሽምብራ፣ ደህና እያመረትን ነው።

ማዳበሪያ ላይ የኛን ስህተት አትድገሙ። ውሃ በተኛበት መሬት ውስጥ ናይትሬቱን፣ ማለት ሰብሉ የሚመገበውን ናይትሮጅን፣ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የቆመ በርበሬ ቢጫ ሲሆን ዩሪያ መበተን ብር መበተን ነው። መጀመሪያ ውሃውን አውጡ፣ ከዛ ከፋፍላችሁ ስጡ። የሚታጠበው ማዳበሪያም እኮ ጣና ነው የሚገባው፣ እምቦጩ የሚፋፋው በምን ሆነና።

አንድ የረሳሁት፣ የቆፈራችኋቸውን ጉድጓዶች ፎቶ አንሱና፣ ልኩ እንዲታወቅ ጎኑ ላይ እስክሪብቶ ወይ አካፋ አስቀምጣችሁ፣ ከዛ በዛው ቀን መልሳችሁ ድፈኗቸው፣ ጥር ላይ ከብቱ ሜዳው ላይ ነው የሚውለው፣ እግሩን ይሰብራል።