ለማንም ሟች የሚሆን የሕይወት ታሪክ አትጻፉ

ባሕር ዳር ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ይሄን ነገር በደንብ ታውቁታላችሁ። አንድ ወጣት ማታ ላይ ዐይኑ ቀልቶ ይገባል። አባቱ ጠዋት አርፈዋል፣ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ደራ ላይ ነው፣ የሕይወት ታሪክ ይጻፍልኝ ይላል። ጸሐፊው ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሟች የጻፈውን ከኮምፒውተሩ ያወጣና ስምና ዓመተ ምሕረት ቀይሮ ያትምለታል። አለቀ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲነበብ ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ስለ ዝናቡ ያወራል። ምን ያድርግ፣ ያንኑ ነገር ባለፈው ሳምንት ሰምቶታል።

ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ላይ የነገሥታት አፅም በክብር ተቀምጦ ይታያል። በጣና ዳርቻ ገጠሮች ኖሮ ለሚያልፍ ገበሬ ግን ያቺ አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ ስለ እሱ የተጻፈች ብቸኛ ወረቀት ናት። ጋዜጣ አያወጣውም። መቃብሩ ላይ ስም ላይኖር ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ገጠር ውስጥ ያረፈን ሰው ቀበሌ ሄዳችሁ ብትፈልጉት የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ።

የሌላ ሰው ሕይወት መገልበጥ

ቅጹ በራሱ ጥፋት የለበትም። ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ተወለዱ ብሎ መጀመር ወግ ነው፣ ሰውም ይጠብቀዋል። ችግሩ መሀሉ ላይ ነው። «ለአቅመ አዳም ሲደርሱ በግብርና ሙያ ተሰማርተው ቤተሰባቸውን በትጋት ሲያስተዳድሩ ኖረዋል።» ይሄ ለማን አይሆንም?

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ውሸት ይሆናል። ዘጌን ውሰዱ። የዘጌ ሰው በገዳማቱ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ መሬት አያርስም፣ ከብትም አያረባም። ኑሮው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ነው። የዚያ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ «በሬ ጠምደው፣ ሞፈርና ቀንበር ይዘው» የሚል ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲነበብ አስቡት፤ ቀባሪው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይሳሳቃል። ፎገራም ላይ እንዲሁ ነው። ሩዝ ዛሬ የፎገራ ሜዳ መታወቂያ ሆኗል፣ ወደ አካባቢው የገባው ግን በደርግ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ለተወለዱ አዛውንት «ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩዝ በማምረት» ተብሎ ሲነበብ አብሮ አደጎቻቸው ምን እንደሚሉ እናንተው ገምቱት።

ዕድሜን በግምት መሙላት

ገጠር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ዕድሜያቸው በአንድ ሌሊት ይጨምራል። ማታ 85 የነበሩት ሰውዬ ጠዋት 100 ሞልተው ይቀበራሉ። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ ረጅም ዕድሜ ክብር ነው፣ በዚያ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

መላው ቀላል ነው። ዕድሜያቸው ስንት ነበር ብላችሁ አትጠይቁ፣ ምን ሲሆን የት ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ። ጣሊያን በ1928 ሲገባና በ1933 ሲወጣ ምን ያክሉ ነበር? በ1960 የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ሲያምፅ ጎጆ ወጥተው ነበር? የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ስንት ልጅ ነበራቸው? በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሳቸው ናቸው ፊደል የቆጠሩት ወይስ ልጆቻቸው? በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜስ መሬት ተቀነሰባቸው ወይስ ተጨመረላቸው? ይሄን የማያስታውስ ገበሬ የለም፣ ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው።

ለምሳሌ ቤተሰቡ በ2016 ያረፉትን አባት 105 ዓመታቸው ነው ካላችሁ፣ በ1911 ተወለዱ ማለት ነው፤ ጣሊያን ሲገባ የ17 ዓመት ጎረምሳ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ደግሞ «ጣሊያን የመጣ ጊዜ እሱ ጥጃ ጠባቂ ነበር» ካሉ፣ የ17 ዓመት ልጅ ጥጃ አይጠብቅም። ሰባት ወይ ስምንት ቢሆናቸው ነው። ልደታቸው ወደ 1920 ይመጣል፣ ዕድሜያቸውም ወደ 96። 96 ዓመት ምን ጎደለው? «በ1920 ዓ.ም. ገደማ» ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ።

ቀኑንም ማግኘት ይቻላል። ሰው ቀን የሚያስታውሰው በታቦት ነው። «የአስተርዮ ማርያም ማግሥት ነው የተወለደችው» ካሏችሁ ጥር 22 ነው። የልደቱ ቀን ጠፍቶ የክርስትናው ቀን ከታወቀም ችግር የለም፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሚያዝያ 21 ክርስትና የተነሣች ሴት የተወለደችው የካቲት መግቢያ ላይ ነው።

የእኛንና የፈረንጁን ዘመን ማደባለቅ

ይሄ ከውጭ አገር በሚላክ መልእክት ይበዛል። ልጅ ከአሜሪካ «እናታችን በ1942 ነው የተወለደችው» ብሎ ይልካል፤ ያየው እሳቸው ሊጠይቁት ሲሄዱ የወጣላቸውን ፓስፖርት ነው፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እዚህ ያለው ወንድም ደግሞ እንዳለ ይገለብጠዋል፣ እናትየዋም ሰባት ስምንት ዓመት ታናሽ ሆነው ይቀበራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ነው። ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ትናንት የተወለደን በዛሬ ካርታ ማስፈር

በ1940 ደራ ውስጥ የተወለደን ሰው «በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ተወለዱ» ማለት። ያኔ ክልልም ዞንም አልነበረም፣ በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነበር። ኋላ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ። ከዓባይ ወዲህ፣ በባሕር ዳር በኩል ያለው ደግሞ ጎጃም ነው። የዛሬውን ስም አትተዉት፣ ወጣቱ ቦታውን የሚያውቀው በሱ ነው፤ ግን የያኔውን አስቀድሙ። ከሁሉም በላይ የጎጡንና የአጥቢያውን ስም አትርሱ። አጥቢያ አይለዋወጥም።

ሙያን መደበቅ

ይሄኛው ያናድደኛል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ኖሯል። አገሩ በሙሉ በእሱ ማረሻ ነው ያረሰው። ሲያርፍ ልጆቹ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ብለው ያስጽፋሉ። የሸማኔው ልጅም እንዲሁ፣ የሸክላ ሠሪዋም። ልጆቹን ብቻ አልወቅስም፤ ባለ እጅን ሲንቅና ቡዳ እያለ ሲያሸሽ የኖረው ይኸው አሁን ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ከደበቃችሁት ለንቀቱ ፈረማችሁለት ማለት አይደል?

የጣናን ታንኳ አስቡ። ታንኳ መሥራት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የወይጦዎች የጥንት ሙያ ነው። ደንገሉ፣ ያ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነዶ ነዶ እየሆነ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ጫፉ ሽቅብ ይቀለበሳል። ውሃ ላይ ሲውል እያደር ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ስለዚህ ከሐይቁ ወጥቶ ይቆምና ይደርቃል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው፣ ባለሙያው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስንቱ እንጨትና ቡና ነው በዚህ ታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ገበያ የደረሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያርፍ ጥያቄው ብዙ ነው። ደንገሉን ከየትኛው ዳርቻ ነበር የሚያጭደው? አንድ ታንኳ ስንት ቀን ይፈጅበት ነበር? ደንገሉ እየሳሳ፣ ከ2004 ወዲህ ደግሞ እንቦጩ ዳርቻውን ሲወር ምን አደረገ? ሙያውን ከእሱ ማን ወሰደ? ይሄ ሁሉ ቀርቶ «በግል ሥራ» ይባላል እንዴ?

እዚህ ላይ ሌላም ስህተት አለ፣ ሟች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ይሸኛል ብሎ ማሰብ። ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ጀናዛ አይዘገይም፣ ቀብር ላይ ወረቀት የሚነበብበት ጊዜም ወግም የለም። ለዱዓና ለሶደቃ ሰው ሲሰበሰብ ግን ስለ ሟቹ ይወራል። ማስታወሻ የሚያዘው ያኔ ነው፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ።

ሴትን በባልና በልጅ ቆጥሮ መጨረስ

የወንዱ አንድ ገጽ፣ የሴቷ አራት መስመር። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ዐረፉ። «ባለ ትዳርና የ7 ልጆች እናት ነበሩ።» ልጆቹን በምን አሳደጓቸው? እንጃ!

ጎረቤቶቻቸውን ጠይቁ። እትዬ ቤት ምን ለመዋስ ትሄዱ ነበር በሉ፤ ምጣድ ነው፣ እርሾ ነው፣ ምክር ነው? ምጥ ሲመጣ ማን ነበር የሚጠራው? አንዳንዷ እናት የመንደሩን ግማሽ እጇ ላይ ተቀብላለች፣ እዚያ ቀብሩ ላይ ከቆመው መሀል ስንቱ በእሷ እጅ እንደተወለደ አይነገርም። የማን ጠላ ነበር ለሰንበቴ የሚመረጠው? ለልጆቹ ደብተር ገንዘቡ የወጣው ከእህሉ ነው ወይስ ማታ ማታ በኩራዝ ከተፈተለው ጥጥ? የገጠር ሴት ሥራ በእሷ ስም ስለማይመዘገብ፣ ካልጠየቃችሁ በራሱ አይመጣም። ባሏም ቢሆን አይነግራችሁም፤ ደብቆ አይደለም፣ ሥራ መሆኑን ልብ ብሎት አያውቅም።

ሁሉን ሰው መልአክ ማድረግ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ነገር አውጡ እያልኩ አይደለም። ግን «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሰው ተግባቢ» የሚለው ለሁሉም ከተባለ ለማንም አልተባለም። ሰውየው በድንበር ክርክር የታወቁ ነበሩ እንበል። ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ያረጁ። ይሄን ትደብቁትና ተግባቢ ትሏቸዋላችሁ። ከዚያ ይልቅ «አንድ ስንዝር ድንበር ሲነካባቸው ዝም የማይሉ፣ ሳይረቱ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ነበሩ» ብትሉ ለቀስተኛው ሁሉ ቀና ይላል። የተከራከራቸው ጎረቤት ሳይቀር። ማንም አይቀየምም፣ እሳቸው ራሳቸው ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር።

ልጆቹን ብቻ መጠየቅ

ልጅ ወላጁን የሚያውቀው በቁንጽል ነው። በተለይ ተምሮ ከተማ የገባ ልጅ አባቱን በየቀኑ ያየው እስከ 15 ወይ 16 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓል ነው። በወንፈል አብሯቸው ያጨደውን፣ የማኅበራቸውን ሙሴ፣ የእድሩን ዳኛ፣ የገበያ ባልንጀራቸውን ጠይቁ። የንስሐ አባታቸውንም ጠይቁ፣ ኑዛዜ አይነግሯችሁም እንጂ የክርስትና ስማቸውን ይነግሯችኋል። ፍታቱም ተዝካሩም የሚደረገው በዚያ ስም ነውና ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ከ20 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ሲፈልገው አያጣውም። ማዕረጋቸውንም አትዝለሉ። መሪጌታን አቶ፣ እማሆይን ወይዘሮ እያሉ መቅበር ነውር ነው።

አስለቃሿ ስታለቅስ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡ። ሟቹን ከእናንተ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የበሬዎቹን ስም ትጠራለች፣ ቦራን፣ ወይኖን። የሚወጣበትን ገበያ፣ ክፉ ቀን ላይ እህል የሰጠውን ሰው፣ የቀደመውን የልጁን ሞት ሁሉ በሙሾዋ ታነሳለች። ጽሑፋችሁ ውስጥ የሌለው ነገር በሙሉ እዚያ ነው፣ እናንተ ግን ውጪ ቆማችሁ ድምፅ ማጉያ ትሞክራላችሁ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱት። ለቀብሩ ባይደርስ ለአርባው ይደርሳል።

ወረቀቱን ከድንኳኑ ጋር ማፍረስ

ከተነበበ በኋላ ወረቀቱ የት ነው? እድለኛ ከሆነ አንዱ ኪስ ውስጥ፣ ካልሆነም ንፍሮ ተጠቅልሎበታል። ስትጽፉት ከጎኑ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉና ኮፒ አብዙት። አንዱ ከእድሩ መዝገብ ጋር፣ አንዱ ከታላቅ ልጃቸው ዘንድ፣ አንዱ አጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ፎቶም አያይዙበት፣ የመታወቂያዋም ብትሆን ትሁን። መንገድና ኔትወርክ እያስቸገረ ለቀብር ያልደረሰ ዘመድ ብዙ ነው፤ ከደቅ ደሴትም ከጎርጎራም ለሰባቱ፣ ለአርባው ይመጣል። ወረቀቱን አንብቡለት። «ኧረ ተዉ፣ እሱ እዚያ አይደለም ያደገው፣ ከእኛ ጋ አጎቱ ቤት ነው» ይላችኋል። አትከራከሩት። በባዶው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፣ ማን እንደተናገረው ከጎኑ አድርጉና ለሙት ዓመቱ አስተካክላችሁ አስተይቡት።