ለሁለት ሰው የሚሆን ያገለገለ ካታማራን እንዴት ይመረጣል?

ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎችን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ሰፊ ወለል ያገናኘ የሸራ ጀልባ ነው። ነፋስ ሲመታው አይጋደምም፣ ሳሎኑም ሰፊ ነው። ባሕር ላይ ለወራት መኖር የሚፈልጉ ጥንዶች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ። አንዳችሁ ብትታመሙ ሌላችሁ ብቻችሁን ልታንቀሳቅሱት ትችላላችሁ? በወረቀት ላይ ሁለት መርከበኞች ናችሁ። ሌሊት ግን በየተራ ስለምትተኙ ሁሌም የምትነዱት አንድ በአንድ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን ወስኑ። እኔ ለሁለት ሰው ከ11 እስከ 12 ሜትር ይበቃል ባይ ነኝ። ለምሳሌ ላጉን 380 የተባለው የካታማራን ሞዴል ርዝመቱ 11.55 ሜትር፣ ስፋቱ 6.53 ሜትር ነው። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ተራ የሸራ ጀልባ ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያው ዋጋ የቆየ ባለ 14 ሜትር ስታገኙ አትጓጉ። ዋናው ሸራ ይከብዳል፣ መለዋወጫው ይወደዳል። በሜዲትራኒያን ብዙ ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያ ወደቦች) ደግሞ ካታማራንን ከተራ ጀልባ አስበልጠው ነው የሚያስከፍሉት።

ቀጥሎ ታሪኩን ጠይቁ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ በካሪቢያን፣ በግሪክ ወይም በክሮኤሺያ ለቱሪስት ሲከራዩ የኖሩ ናቸው። የኪራይ ጀልባ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ሰርቪስም ይደረግለታል። ግን የሞተሩ ሰዓት ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም 4 መኝታ ክፍል አለው። ለባለቤት የተሠራው አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ለጥንዶቹ ይሰጣል። ጥቂት ዓመት ቢያረጅም እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ጀልባው በካሪቢያን ከቆየ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶችን ሲመታ ብዙ ጀልባዎች ተገለባብጠዋል፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልሏል። ከተጎዱት መካከል ተጠግነው የተሸጡ አሉ። በዚያ ጊዜ የት ነበር? የኢንሹራንስና የጥገና ወረቀቱስ? መልሱ ከተድበሰበሰ ተዉት።

አሁን ራሳችሁ እዩት። ባዶ እግራችሁን የላይኛውን ወለል እየረገጣችሁ ዙሩ። በብዙ ካታማራኖች ወለሉ ሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ ሆኖ መሃሉ ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ነው። በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። የሚረግብ ቦታ ካለ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ አጠራጣሪ ነው። የውስጥ በሮችንም ክፈቱ፣ ዝጉ። ተጣብቆ አልከፈት ወይም አልዘጋ የሚል በር ግድግዳው ከቦታው መንቀሳቀሱን ሊጠቁም ይችላል።

ሞተር ክፍል ስትገቡ ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘው ሴይልድራይቭ የጀልባውን ሆድ በስቶ ይወጣል። የባሕሩን ውሃ የሚያግደው የጎማ ማሸጊያ ነው። የጀልባ ሞተር አምራቹ ቮልቮ ፔንታ ይህ ጎማ በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል። መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቁ። ሁለት ሞተር ስላለ ወጪውም ሁለት ጊዜ ነው። ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች 10 ዓመት ካለፋቸው ብዙ ኢንሹራንሶች እንዲቀየሩ ይጠይቃሉ። ይህንን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ክብደት ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ካታማራን ጭነት አይወድም። 400 ሊትር ውሃ 400 ኪሎ ነው። ጀነሬተሩ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ትርፍ ባትሪው ሲደመር ጀልባው ዝቅ ይላል። ያኔ ማዕበሉ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘውን ወለል ከሥር ይደበድበዋል። ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፍጥነቱም ይወድቃል። ስለዚህ በውሃው ልክ ላይ የተቀባውን መስመር እዩ። ባዶ ሆኖ እንኳ መስመሩ ከሰመጠ የእናንተ ዕቃ የት ሊገባ ነው?

ከወደዳችሁት ዋጋ ታቀርባላችሁ። የተለመደው 10 በመቶ ቀብድ ማስያዝ ነው። ውሉ ላይ ግን በባለሙያ ምርመራውና በባሕር ላይ ሙከራው ካልረካችሁ ቀብዱ እንደሚመለስ ይጻፍ። መርማሪውን እናንተው ቅጠሩ። ደላላው የሚከፈለው ከሻጩ ስለሆነ እሱ በጠቆማችሁ ሰው አትተማመኑ። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ከሥሩም ይታይ። አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ቫት የተከፈለበት ማስረጃ ይቅረብ።

በሙከራው ቀን ሁለታችሁም ሂዱ። መጀመሪያ አንዳችሁ ቁጭ በሉ፤ ሌላችሁ ብቻችሁን ሸራውን ስቀሉ፣ ቀንሱ፣ መልሕቅ ጥላችሁ አንሱ። ከዚያ ተቀያየሩ። የሸራ መቀነሱን ሥራ በተለይ ደጋግሙት። ተራ ጀልባ ነፋስ ሲበዛበት ተጋድሞ ያስጠነቅቃል፤ ካታማራን ግን ቀጥ ብሎ ሸክሙን ምሰሶው ላይ ይጥለዋል። በነፋስ መለኪያው ቁጥር አስቀድማችሁ መቀነስ አለባችሁ፤ ያውም በጨለማ፣ ብቻችሁን። ሸራውን ማንሳት ከሁለታችሁ አንዱን ካቃተ የኤሌክትሪክ መጎተቻ ማስገጠም ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁና ድርድሩ ላይ አንሱት። መልሕቁን ማንሳት፣ መሪውን መያዝም ጭምር ካቃተ ግን ያ ጀልባ የእናንተ አይደለም። ሌላ ፈልጉ።